የቆየ ኮሮላ ታይሚንግ ቺንጋ አቀያየር፦ ከዝግጅት እስከ ሙከራ ጉዞ

ታይሚንግ ቺንጋ (የፒስቶኖችንና የቫልቮችን እንቅስቃሴ በጊዜ የሚያገጣጥመውን ጥርሳም ቺንጋ) ራሳቸው ቀይረው ሞተሩ አልነሳ ያላቸው፣ ወይም ተነስቶ የዓባይን ዳገት መውጣት ያቃተው መኪና ይዘው ደብረ ማርቆስ ወዳለው ጋራዣችን የሚመጡ ሰዎች ስህተታቸው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ቺንጋውን ማጥለቅ አላቃታቸውም። የሳቱት፣ የድሮውን ቺንጋ ከማውጣታቸው በፊት ምልክቶቹን በዓይናቸው ባለማረጋገጣቸው፣ አዲሱን ካጠለቁ በኋላም ሞተሩን በእጃቸው ሁለት ዙር ሳያዞሩ በቁልፍ በማስነሳታቸው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል፤ ጎማ መፍታትንና ክዳን መመለስን የመሰለውን ሥራ ግን በአጭሩ ያልፋል።

መመሪያው ለየትኛው ሞተር ያገለግላል?

የተጻፈው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ቶዮታ ኮሮላዎች ላይ በብዛት ለሚገኘው 4ኤ-ኤፍኢ፣ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። 5ኤ-ኤፍኢ (1.5 ሊትር) እና 7ኤ-ኤፍኢ (1.8 ሊትር) በአሠራር ስለሚመሳሰሉት ቅደም ተከተሉ ለእነርሱም ይሠራል። የሞተሩን መለያ ኮፈኑን ከፍተው፣ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የብረት ሳህን ያንብቡ።

ባለ 4ኬ ሞተሩ ዲኤክስ፣ እንዲሁም 1ኤንዜድ ሞተር ያላቸው ቪትዝና ኮሮላ ሰንሰለት እንጂ ቺንጋ ስለሌላቸው ይህ ሥራ አይመለከታቸውም። 2ሲ የናፍጣ ሞተር ቺንጋ አለው፤ ነገር ግን ያው ቺንጋ የናፍጣ ፖምፓውንም ስለሚያዞር ተጨማሪ ምልክት አለበት፣ ከተሳሳቱም ቫልቭ ከፒስቶን ይጋጭበታል። በዚህ መመሪያ አይሞክሩት።

በ4ኤ-ኤፍኢ ላይ ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን አይገናኙም፤ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። ይህን ሰምተው «እንግዲያውስ እስኪበጠስ ልንዳው» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ሞተሩ ቢጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ኃይል ከሁለትና ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ሞተሩ ቢተርፍም እርስዎ ላይተርፉ ይችላሉ።

የመቀየሪያው ጊዜ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁንና ያገለገለ ሆኖ በገባ መኪና ላይ ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ማመን አይቻልም። መቼ እንደተቀየረ የሚገልጽ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

ዝግጅት

ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል። ጧት ይጀምሩ፤ ሞተሩም ሌሊቱን ያደረና የቀዘቀዘ ይሁን።

*የሚገዙ ዕቃዎች።* ታይሚንግ ቺንጋ፣ ወጣሪ ኩሽኔታ (ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው) ከነሞላው፣ የክራንክሻፍት (ፒስቶኖች የሚያዞሩት የታችኛው ዘንግ) እና የካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍተው የላይኛው ዘንግ) የፊት ዘይት ጎማዎች (ኦይል ሲል)፣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ካረጁም የውጭዎቹ የዲናሞና የመሪ ቺንጋዎች። ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ ኩሽኔታውን መተው የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን ኩሽኔታው ሲነክስ አዲሱን ቺንጋ ይዞት ይሄዳል። ውሃ ፖምፓው በዚህ ሞተር ላይ የሚዞረው በውጭው ቺንጋ ስለሆነ መቀየሩ ግዴታ አይደለም፤ የማፍሰስ ምልክት ካሳየ ግን ውሃው ወደ ታይሚንግ ቺንጋው ስለሚደርስ አሁኑኑ ይቀይሩት።

ዕቃው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ስለሆነ መኪናውን ከመፍታትዎ በፊት ሁሉንም በእጅዎ ያስገቡ። አዲሱን ቺንጋ ከመክፈልዎ በፊት ይመርምሩ። በጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ በአውራ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ይመልሱት። በሱቅ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሎ የቆየ ወይም ተጣጥፎ የታሰረ ቺንጋ፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ አይግዙ፤ ውስጡ ያለው ክር ከታጠፈበት ቦታ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፣ ይህም ከውጭ አይታይም። ወደ ቤት ሲወስዱም ከተፈጥሮ ክቡ በላይ አያጥፉት፣ አይጠምዝዙት፣ ወደ ውጭም አይገልብጡት።

*መሣሪያ።* ባለ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ሶኬት መፍቻዎች፣ ረጅም እጀታ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መቆሚያዎች፣ የእጅ ባትሪና ነጭ ቀለም ወይም የጥፍር ቀለም።

የሚቀረው ቶርክ መፍቻ (ቡሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ነው። ከጎረቤት ጋራዥ ሊከራዩት ይችላሉ። ካላገኙ በገበያ ቅቤና ማር የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ የሞላ ሚዛን መጠቀም ይቻላል። ከቡሎኑ መሐል እስከ መሳቢያው ነጥብ ልክ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጀታ ያዘጋጁ፤ ሚዛኑን በዚያ ነጥብ ላይ ያያይዙና ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ይሳቡ። ሚዛኑ 24 ኪሎ ሲያሳይ ቡሎኑ ላይ ያረፈው ኃይል 118 ኒውተን ሜትር፣ 12 ኪሎ ሲያሳይ 59፣ 7.5 ኪሎ ሲያሳይ 37 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በግምት ከሚጠበቅ ቡሎን ይህ እጅግ ይሻላል፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት በዚሁ ነው።

*ቦታ።* ክሪክና መቆሚያ የሚያርፉበት መሬት ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት። በክረምት ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ክሪክ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰምጦ ይገኛል። ሲሚንቶ ወለል ከሌለ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ያንጥፉ። የሚያግዝዎ አንድ ሰው ይኑር፤ ያለ ረዳት የማይሠሩ ሁለት ቦታዎች አሉ።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ማዘጋጀት

የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱና ከባትሪው ያርቁ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ በኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ያድርጉ። የቀኙን የፊት ጎማ ቡሎኖች መኪናው መሬት ላይ ሳለ ያላሉ፤ ከዚያ በክሪክ ያንሱ፣ በመቆሚያ ላይ ያሳርፉና ጎማውን ያውጡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅዎንም ቢሆን አያስገቡ። ከጎማው ኋላ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፕላስቲክ ሲፈቱ የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ (ቺንጋ የሚጠለቅበትን መዘውር) ፊት ለፊት ያገኙታል።

ጎማውን ካወጡ በኋላ ሁለት የጎማ ዳዶዎችን መልሰው በፍሬን ዲስኩ ላይ ይሰሩ። ዲስኩን በቦታው የሚይዘው ጎማው ስለሆነ፣ ያለዚህ በደረጃ 3 ፍሬን ሲያዝ ዲስኩ ይንጋደዳል።

ደረጃ 2፦ ከላይ ያለውን መክፈት

የካንዴላ ገመዶችን በየቁጥራቸው ምልክት አድርገው ያውጡ። የመንገዳችን አቧራ በካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ስለሚገኝ ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት በአየር ይንፉ ወይም በብሩሽ ይጥረጉ። አራቱንም ካንዴላዎች ያውጡና ጉድጓዶቹን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። ካንዴላዎቹ ካልወጡ ሞተሩ በእጅ ሲዞር የታመቀው አየር እየገፋ ምልክቱን ያሳልፍብዎታል።

የዲናሞውን፣ የመሪውንና ካለም የኤሲውን ቺንጋ አላልተው ያውጡ። የውሃ ፖምፓውን ፑሌጃ ይፍቱ። የቫልቩን ክዳን ይክፈቱ፤ ወደ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይወድቅ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት።

የታይሚንጉ ክዳን ሦስት ክፍል ነው፦ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው። የላይኛው አሁን ይወጣል። ቡሎኖቹ በርዝመት ስለሚለያዩ በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በነበረበት ቦታ ይውጉት። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ የመለሰ ሰው የቡሎኑን ጥርስ ያበላሻል።

ደረጃ 3፦ የክራንክሻፍቱን ቡሎን ማላላት

ይህ ደረጃ ምልክት ከመያዙ በፊት መምጣቱ በአጋጣሚ አይደለም። ብዙ ሰው ምልክቱን አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ ከዚህ ቡሎን ጋር ሲታገል ሞተሩን ያዞርና ምልክቱን ያጣል።

ረዳትዎ ጋቢና ገብቶ ማርሹን አምስተኛ ላይ ያድርግ፤ የእግር ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ይርገጥ። እርስዎ 19 ቁጥሩን ሶኬት በረጅም እጀታ ይዘው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ይሳቡ። ዓላማው ማላላት ብቻ ነው፤ ቡሎኑን አያውጡት።

*ቡሎኑ እንቢ ካለ፦* በዙሪያው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነክረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ እጀታውን በወፍራም ቱቦ ያርዝሙ። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ወይም ፍሪሲዮኑ የሚሸሽ ከሆነ፣ የድሮውን የዲናሞ ቺንጋ በፑሌጃው ዙሪያ ጠቅልለው በላዩ በሰንሰለት መፍቻ ይያዙ። መፍቻውን ከሻሲው ጋር አስደግፎ በሞተር ማስነሻ ቁልፉን «ጠቅ» ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ የመፍቻ እጀታ ተፈናጥሮ የሰው ክንድ ሲመታ ስላየሁ አልመክረውም።

ቡሎኑ ከላላ በኋላ ማርሹን ወደ ባዶ ይመልሱ።

ደረጃ 4፦ ምልክቱን መያዝ

እዚህ አይቸኩሉ። ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በክራንክሻፍቱ ቡሎን ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። አቅጣጫው በቀኝ ጎማ በኩል ሆነው ሲያዩት ሰዓት እንደሚዞረው ብቻ ነው። ምልክቱን ጥቂት ካለፉ ወደኋላ አይመልሱት፤ ዙሩን ይጨርሱና እንደገና ይምጡ። ሞተሩን በካምሻፍቱ ቡሎን በፍጹም አያዙሩ።

የክራንክሻፍት ፑሌጃው ጫፍ ላይ ያለው ጭረት በታችኛው ክዳን ላይ ካለው «0» ጋር ሲገጥም ያቁሙ። አሁን ወደ ላይ ይመልከቱ። የካምሻፍቱ ጥርሳም ፑሌጃ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በእርሷ ውስጥ ሲያዩ ከኋላ ባለው የመጀመሪያው የካምሻፍት ኩሽኔታ ክዳን ላይ ያለው ምልክት መሐል ለመሐል መታየት አለበት። ዓይንዎን ከቀዳዳው ጋር ትክክል አድርገው በእጅ ባትሪ እያበሩ ይመልከቱ፤ ከጎን የሚያይ ሰው አንድ ጥርስ ይሳሳታል።

*ታች ገጥሞ ላይ ቀዳዳው በተቃራኒ በኩል ከሆነ፦* ስህተት አይደለም። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ስለሚዞር ነው። ክራንክሻፍቱን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩና ሁለቱም ይገጥማሉ።

*ጥቂት ብቻ ከተዛነፈ፦* ከሦስት ምክንያቶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ የድሮው ቺንጋ ቀድሞውኑ ጥርስ ዘሎ ይሠራ እንደነበር ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክም ከነበረ ይህን ይጠርጥሩ። ሁለተኛው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) በቶርኖ ቤት ፊቱ ተቀርፎ ከሆነ ካምሻፍቱ ዝቅ ስለሚል ምልክቱ ከጥርስ ባነሰ መጠን ይሸሻል፤ ይህ የሚያሳስብ አይደለም። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው የውጭው ፑሌጃ ራሱ መዋሸቱ ነው። ፑሌጃው በመሐሉ ጎማ ያለበት የሁለት ብረቶች ጥምር ስለሆነ፣ ጎማው ሲያረጅ የውጭው ቀለበት ይንሸራተትና ጭረቱም አብሮት ይሄዳል። ለማረጋገጥ ረጅምና ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ ወደ አንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ጉድጓድ ያስገቡ፤ ክራንክሻፍቱን በዝግታ ሲያዞሩ ዘንጉ የመጨረሻ ከፍታው ላይ ደርሶ ሊወርድ ሲል ጭረቱ «0» ላይ ወይም እጅግ ቅርብ መሆን አለበት። ካልሆነ ፑሌጃው አልቋል፤ በደረጃ 6 የሚያገኙትን የውስጡን ምልክት ብቻ ይመኑ።

ቀድሞ የሠራ ሰው የቀባውን ቀለም አይመኑ። እኔ በሥራው መጀመሪያ ዓመታት በጥርሶቹ ላይ ያገኘሁትን ነጭ ቀለም አምኜ፣ አንድ ጥርስ ወደኋላ የነበረውን ታይሚንግ በታማኝነት መልሼ ገጠምሁት፤ ባለመኪናውም ከሞጣ መንገድ ተመልሶ መጣ። የፋብሪካው ምልክት የተቀረጸ እንጂ የተቀባ አይደለም። ያንን ካገኙ በኋላ የራስዎን ቀለም በላዩ ይቅቡ፤ ፎቶም ያንሱ።

ደረጃ 5፦ የሞተሩን መያዣ መፍታት

ቺንጋውን ለማውጣት በቀኝ በኩል ያለው የሞተር መያዣ መነሳት አለበት። ክሪኩን ከሞተሩ የዘይት ቋት (ኮፓ) ሥር ያስገቡ፤ በመካከል ሰፊ ጣውላ ያድርጉ፣ አለዚያ ቋቱ ይጎደጉዳል። ክሪኩን ሞተሩን እስኪነካና ክብደቱን ጥቂት እስኪቀበል ብቻ ያንሱት፤ ከዚያ የመያዣውን ቡሎኖች ይፍቱ። ቡሎኑ ሲፈታ ታስሮ የሚጮህ ከሆነ ክሪኩን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጉ ጫናውን ያግኙ። መካከለኛውን ክዳን አሁን ያውጡት።

ደረጃ 6፦ የታችኛውን ፑሌጃና ክዳን ማውጣት

የክራንክሻፍቱን ቡሎን ጨርሰው ያውጡ። ፑሌጃው በእጅ እየተወዛወዘ ይወጣል፤ እንቢ ካለ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች በመሳቢያ ያውጡት። ጫፉን በመዶሻ አይምቱ፤ በካቻቢቴም ከኋላ አይፈንቅሉት፣ ጎማው ይለቃል። በዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት (ቻቬታ) እንዳትወድቅ ይጠንቀቁ። ቻቬታዋ ወይም ማረፊያዋ ተበልቶ ካገኙት ቡሎኑ ከዚህ በፊት በትክክል አልጠበቀም ማለት ነው።

የታችኛውን ክዳን ይፍቱ። በብዙ መኪና ላይ ይህ ክዳን የለም፤ ቀደም ብሎ የሠራው ሰው መመለሱ ሰልችቶት ጥሎት ነው። በጠጠርና በጭቃ መንገድ ለሚሄድ መኪና ያለ ክዳን መንዳት ቺንጋውን ለድንጋይ መስጠት ስለሆነ ያገለገለም ቢሆን ፈልገው ይግጠሙ።

ከቺንጋው ፊት ቺንጋው እንዳይሸሽ የምትመራ «የመሪ ሳህን» አለች (ከመኪናው መሪ ጋር አትገናኝም)፤ የተቆለመመ ጠርዟ ወደ ውጭ ወደ እርስዎ መሆኑን አይተው ያውጡ። አሁን ታች ያለው ጥርሳም ፑሌጃ ይታያል፤ በላዩ ያለው ምልክት ከዘይት ፖምፓው አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ይገጥማል። የማይዋሸው ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ የድሮውን ቺንጋ ማውጣትና ማንበብ

የወጣሪውን ኩሽኔታ ቡሎን (14) ያላሉ፤ ኩሽኔታውን ከቺንጋው ወደሚርቅበት አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ገፍተው ቡሎኑን ለጊዜው ያጥብቁ። ቺንጋውን ያውጡ። ከዚህ በኋላ ክራንክሻፍቱንም ካምሻፍቱንም አያዙሩ። ካምሻፍቱ በቫልቭ ሞላ ግፊት ጥቂት ከዞረ፣ በራሱ ላይ ባለው ባለ ስድስት ጎን ቦታ በመፍቻ ይዘው በዝግታ ይመልሱት።

የድሮውን ቺንጋ ከመጣልዎ በፊት በብርሃን ይመርምሩት፤ የሞተሩን ችግር የሚነግርዎት እርሱ ነው። ዘይት ከነካው አንደኛው ኦይል ሲል ያፈሳል፤ ሳይቀይሩት አዲስ ቺንጋ ቢያስገቡ እርሱም በዘይት ይሞታል። አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ የመሪ ሳህኗ ተገልብጣ ነበር ወይም ወጣሪው ተጣሟል። ጥርሶቹ ከሥራቸው ከተቆረጡ ካምሻፍቱ ነክሶ ሊሆን ስለሚችል በእጅ መዞሩን ያረጋግጡ። የጥርሶቹ ፊት እኩል ከተፋቀ በክዳኑ ክፍተት የገባ አቧራ ነው።

በመጨረሻ የአሮጌውንና የአዲሱን ጥርስ ይቁጠሩ፤ ወርዳቸውንም ያስተያዩ። ቁጥሩ በአንድ ቢለያይ አዲሱ የዚህ ሞተር አይደለም።

ደረጃ 8፦ ኦይል ሲሎችና ወጣሪ

የታችኛውን ጥርሳም ፑሌጃ ያውጡ። የካምሻፍቱን ለማውጣት ካምሻፍቱን በባለ ስድስት ጎኑ ቦታ በመፍቻ ይዘው ቡሎኑን (17) ይፍቱ። የድሮዎቹን ሲሎች ሲያወጡ ዘንጉን አይጭሩ፤ የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ይጠቅልሉ። የአዲሶቹን ከንፈር ግራሶ ቀብተው፣ በውጭ ልኩ በሚገጥም ቱቦ በዙሪያው እኩል እየመቱ ያስገቧቸው። ጥርሳሞቹን ይመልሱ፤ የካምሻፍቱ ቡሎን 59 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

አዲሱን ወጣሪ ከነሞላው ይግጠሙ፤ ሞላው ከተሳበ እስከ መጨረሻው ገፍተው ለጊዜው ያጥብቁት። በእጅ ሲያዞሩት ያለ ድምፅና ያለ መንቀጥቀጥ መዞር አለበት።

ጥርሳሞቹን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። እጅዎንም ይታጠቡ።

ደረጃ 9፦ አዲሱን ቺንጋ ማጥለቅና ማወጠር

ምልክቶቹን ላይም ታችም እንደገና ይዩ። ቺንጋው ላይ የአቅጣጫ ቀስት ካለ ሰዓት እንደሚዞረው ይሁን።

ከታችኛው ጥርሳም ይጀምሩ። ቺንጋውን ወጣሪው በሌለበት በኩል እንደተወጠረ ወደ ላይ ይውሰዱት፣ በካምሻፍቱ ላይ ያጥልቁ፣ ከዚያ በወጣሪው በኩል ወደ ታች ይመልሱት። ልቅነት ካለ በወጣሪው በኩል ብቻ ይሁን። ወጣሪው በሌለበት በኩል የላላ ቺንጋ ሞተሩ ሲዞር ወዲያው አንድ ጥርስ ያሳስትዎታል፤ ቀደም ሲል የጠቀስኳቸው መኪናዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ የተበላሹ ናቸው። ቺንጋውን በካቻቢቴ እየፈነቀሉ አያስገቡ፤ ካልገባ ወጣሪው በደንብ አልተገፋም።

የወጣሪውን ቡሎን ግማሽ ዙር ያላሉ። ሞላው ኩሽኔታውን ራሱ ስቦ ቺንጋውን ይወጥረዋል። በእጅ ወይም በብረት አይርዱት፤ «ትንሽ ይጥበቅ» ብሎ መግፋት ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው።

የክራንክሻፍቱን ቡሎን ለጊዜው መልሰው፣ ሰዓት እንደሚዞረው በዝግታ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። እየዞረ ድንገት ከከበደ ወይም ከቆመ አያስገድዱት፤ ያቁሙና ምክንያቱን ይፈልጉ። ሁለቱ ዙር ሲያልቅ የታችኛው ምልክት ከዘይት ፖምፓው ምልክት፣ የላይኛው ቀዳዳም ከኩሽኔታ ክዳኑ ምልክት ጋር መግጠም አለባቸው።

ገጥመዋል? የወጣሪውን ቡሎን በ37 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። አልገጠሙም? ቺንጋውን አውጥተው ከዚህ ደረጃ መጀመሪያ ይድገሙ። ሦስት ጊዜ መድገም ነውር የለውም። «በአንድ ጥርስ ምን ይሆናል» ብሎ መዝጋት ግን ይህን ሁሉ እንደገና መፍታት ነው።

ውጥረቱን ለመለካት ወጣሪው በሌለበት በኩል ባለው የቺንጋው መሐል ላይ ያንኑ የገበያ ሚዛን አያይዘው በ2 ኪሎ ኃይል ይሳቡ፤ ቺንጋው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መሸሽ አለበት። ከዚያ ካነሰ ጠብቋል፣ ከበለጠ ላልቷል፤ የወጣሪውን ቡሎን አላልተው ሁለቱን ዙር ይድገሙ። አሁንም ከላላ ሞላው ደክሟል።

ደረጃ 10፦ መመለስ

የመሪ ሳህኗ የተቆለመመው ጠርዝ ወደ ውጭ ሆና ትግባ። የታችኛው ክዳን፣ ፑሌጃው ከነቻቬታው፣ ከዚያ ዋናው ቡሎን። ረዳትዎ እንደ በፊቱ ማርሽና ፍሬን ይያዝ፤ ቡሎኑን በ118 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። የሞተሩ መያዣ ሙሉ በሙሉ ሳይጠብቅ ክሪኩን አያውርዱ።

የቫልቩ ክዳን አዲስ ጓርኒሲዮን ይደረግለት፤ የኩሽኔታ ክዳኑ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ላይ ጥቂት ሲሊኮን ያድርጉ። ዳዶዎቹ በጣም ትንሽ ኃይል ነው የሚፈልጉት፤ በጉልበት ካጠበቋቸው ክዳኑ ይጣመምና ዘይት ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ይገባል። ካንዴላዎቹን መጀመሪያ በጣት ያስገቡ፣ በመጨረሻ 18 ኒውተን ሜትር ይጠብቁ። የጎማው ዳዶዎች 103 ኒውተን ሜትር ናቸው፤ በ50 ሴንቲ ሜትሩ እጀታ 21 ኪሎ ማለት ነው። ባትሪው በመጨረሻ ይታሰር።

ማስነሳትና የሙከራ ጉዞ

ሞተሩን ያስነሱና ለአምስት ደቂቃ ያለ ነዳጅ ርግጫ ይተዉት። ለመጀመሪያው ቀን በከተማው ዙሪያ ብቻ ይንዱ፤ ቢያንስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳይነዱ ወደ ደጀንና ዓባይ በረሃ አይውረዱ። ከጉዞው በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የመያዣውንና የጎማውን ቡሎኖች በድጋሚ ይፈትሹ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም።* መጀመሪያ የካንዴላ ገመዶቹን ቅደም ተከተል ያረጋግጡ፤ የማቀጣጠያው ተራ 1-3-4-2 ነው። እርሱ ትክክል ከሆነ የላይኛውን ክዳን ከፍተው በደረጃ 4 መሠረት ምልክቱን ይዩ። ቁልፉን ደጋግመው አይምቱ።

*ይነሳል፣ ግን ይንቀጠቀጣል ወይም ዳገት ያቅተዋል።* የአንድ ጥርስ ስህተት ነው ብለው ይጀምሩ። ምልክቱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ የላላ የአየር ቱቦ ወይም ሳይገባ የቀረ ሶኬት ይፈልጉ፤ ዲስትሪቢውተሩን ነክተው ከነበረም የእሳቱን ጊዜ በታይሚንግ መብራት ያስለኩ።

*ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር የፉጨት ድምፅ።* ቺንጋው ጠብቋል። በዚህ ሁኔታ መንዳት የወጣሪውን ኩሽኔታና የካምሻፍቱን የፊት ማረፊያ ይበላል።

*ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ የመምታት ድምፅ።* ቺንጋው ላልቶ ክዳኑን እየመታ ነው። ያጥፉና ወደ ደረጃ 9 ይመለሱ።

*የማያቋርጥ የመፋቅ ድምፅ።* የመሪ ሳህኗ ተገልብጣለች፣ ወይም የታችኛው ክዳን በትክክል አልተቀመጠም። የውጭዎቹን ቺንጋዎች ለጊዜው አውጥተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ሞተሩን ቢያስነሱ ድምፁ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ይለያል።

*በፑሌጃው ሥር ዘይት።* የታችኛው ሲል ጠርዙ ተገልብጦ ገብቷል። ዘይቱ ቺንጋውን ነክቶት ከሆነ በቤንዚን አጥበው መልሰው አይጠቀሙበት፤ ቺንጋውም ይቀየራል።

ሁሉም ደህና ከሆነ የተቀየረበትን ቀንና የቆጣሪውን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ከኮፈኑ ሥር፣ ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ይጻፉት። በወረቀት ብቻ የተጻፈው መኪናው ሲሸጥ አብሮ አይሄድም።